ከቤተ ክርስቲያን የሚሸሸው ብስክሌት

እኔ ሰው አላምንም ነበር። ይህን እንደ ዋዛ አትዩብኝ፤ በሽታ ነበር። የገዛ እናቴ ምሳ ስታቀርብ ለወንድሜ የደረሰውን ሥጋ ከኔው ጋር በዓይኔ እለካ ነበር። ጎንደር ውስጥ በአንድ ደብር የዕቃ ቤቱ ረዳት ዲያቆን ሆኜ የተመረጥኩት በዚሁ ጠባዬ ይመስለኛል። ከማኅሌት በኋላ ጸናጽል የሚመልስ ሰው ቢኖር እጁን ብቻ ሳይሆን እጅጌውንም አይቼ ነበር የምሸኘው። «ፈንታ ጥላውንም አያምን» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ጊዜው ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ነው። ከተማው ጣልያን ጥሎት በሄደ ዕቃ ተሞልቶ ነበር፤ በርሜሉ፣ ቆርቆሮው፣ ጎማ የሌለው ማኪና፣ ብስክሌቱ።

መሪጌታ ይባቤ የደብራችን የድጓ መምህር ነበሩ። በጦርነቱ ሰሞን ግድግዳ ተንዶባቸው ግራ እግራቸው ተሰበረና ጣልያን ሐኪም ቤት ብዙ ወር ተኙ። ሲወጡ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ እግራቸው ቀጥኖ እንጨት ሆኗል። በሁለት ምርኩዝ ከቤታቸው ደብሩ ለመድረስ ግማሽ ማለዳ ይፈጅባቸው ነበር። አለቃው አዘኑላቸውና በማኅሌት ጊዜ ተቀምጠው እንዲዘምሩ ፈቀዱላቸው።

እንግዲህ እኚህ ሰው አንድ ቀን በብስክሌት መጡ።

ጉድ ፈላ! ልጅ አዋቂው ወጥቶ አየ። ምርኩዞቹ ከኋላ ታስረዋል፤ ደረቁ እግር ወደፊት ተዘርግቶ አንዲት ብረት ላይ ተጭኗል፤ ደህናው እግር ብቻውን ፔዳሉን ያሽከረክራል። ሰው ሁሉ «እሰይ!» ሲል እኔ ግን ውስጤ ከነከነኝ። ቆሞ መዘመር ያቃተው ሰው እንዴት ብስክሌት ይነዳል? እግሩ ለማኅሌት ሲሆን ይታመማል፣ ለሽርሽር ሲሆን ይድናል ማለት ነው?

አንድ ነገር ልናዘዝ። መሪጌታ ከወንበራቸው ቢነሡ ቦታውን የሚይዘው አጎቴ ነበር። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ግን «እኔ ለሃይማኖቴ ነው» ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ እምልላችሁ ነበር።

ከወራት በኋላ አንዲት እንጨት የምትሸጥ ሴት ደጃፋችን አረፍ ብላ «የእናንተ መሪጌታ ምን ነካቸው? ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ ይሸሻሉ» አለችኝ።

«እንዴት ይሸሻሉ?»

«እንዴት ልበልህ? በሰፊው መንገድ መጥተው መጥተው የአንዱ ደብር ደጀ ሰላም ሲቀርብ ጥምዝዝ ብለው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። በታች በታች ዞረው ከወዲያ ማዶ ብቅ ይላሉ። በዓይኔ ነው ያየሁ።»

እኔም አድብቼ አየሁ። እውነቷን ነው! እንደ ማንም ክርስቲያን ደጃፉ ላይ ወርዶ፣ ተሳልሞ ማለፍ ሲቻል፣ ሰውዬው ቅጽሩን ገና በሩቅ እንዳየ በእረኛ መንገድ ይሰወራል። ቤተ ክርስቲያን የሚሸሽ ማነው? መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ጣልያን ሐኪም ቤት ያን ያህል ወር ምን ሲያደርግ ነበር? ሃይማኖቱን ለውጦስ ቢሆን? አንዱን ጥርጣሬ ካንዱ ስቀጥል ሁለት ቀን ዋልኩና ሐሙስ አለቃው ዘንድ ገባሁ።

አለቃው ሰምተውኝ ሲያበቁ ጢማቸውን ያዙ።

«ይህ ትልቅ ነገር ነው» አሉ። «ነገሩ እውነት ከሆነ ወንበሩን ይለቃል። ቤቱም የደብሩ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይወጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤ እጠይቀዋለሁ። አንተ ደግሞ በወሬ አትምጣብኝ። ተከተለውና ከየት ወዴት እንደሚሄድ አይተህ ና።»

ዓርብ ማለዳ ከመሪጌታ ቤት ፊት ለፊት ካለው ቅጽር ሥር ተሸሸግሁ። በሩ ተከፈተ። ሚስታቸው ብስክሌቱን አውጥታ በሩ ዳር ካለ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ አስደገፈችላቸው። መሪጌታ በምርኩዛቸው ድንጋዩ ላይ ወጡ፤ ደረቁን እግር በእጃቸው አንሥተው በብረቱ ላይ አሳለፉት፤ ምርኩዞቹን ከኋላ አሰሩ፤ ድንጋዩን ገፋ አድርገው ሄዱ። አንዲት ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከትተዋል። ጥቅሏን ሳይ ልቤ ዘለለ። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ስንት የብር ዕቃ እንዳለ የማውቅ እኔ ነኝ።

«በብስክሌት የሚሄድን ሰው በእግርህ እንዴት ተከተልከው?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ይህ ነው፤ እኔ ቀጥ ብዬ ሳቋርጥ እሳቸው ይዞራሉ። የመጀመሪያው ደብር ጋ ሲደርሱ ወደ አንገረብ ወንዝ ቁልቁል ታጠፉ። ሁለተኛው ጋ ደግሞ ከጓሮ በኩል በሰው ማሳ ዳር ሄዱ፤ ውሻ አባረራቸው፤ ግን አልተመለሱም። እኔ ግራር ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ፣ ላብ በላብ ሆነው ብቅ ይላሉ። ዳገት ሲብስባቸው ደግሞ የነጋዴ በቅሎ ይጠብቁና የጭነቱን ገመድ ይዘው ይጎተታሉ። ነጋዴው እየሳቀ «አይዞዎት መሪጌታ፣ ከነብስክሌቱ ትክል ድንጋይ ገበያ ላድርስዎ?» ሲላቸው ሰማሁ።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ጋ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከቅጽሩ አንድ ወገን ተንዶ ድንጋዩ ደጃፉ ላይ ተከምሯል። መሪጌታ አልሸሹም! ክምሩን ተጠግተው ወረዱ፤ በምርኩዝ ሄደው ግንቡ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ክምሩ ላይ ቆመው ብስክሌቱ ላይ ወጡና ሄዱ።

አሃ! አልኩ። እዚህ ነው ብሩን የሚደብቀው። ርቀው እስኪሄዱ ጠብቄ በሩጫ መጣሁና የግንቡን ስንጥቅ ሁሉ በጣቴ በረበርኩ። እንሽላሊት ወጣችብኝና ክው ብዬ ቀረሁ። ሌላ ምንም የለም። «አንሥቶት ሄዷል» አልኩ፤ ባገኝም ባላገኝም ያው ጥፋተኛ ነበሩ።

ከተማውን ለቀው ጣልያን በቀደደው መንገድ ወደ ወለቃ አቀኑ። ወለቃ ያን ጊዜ የቤተ እስራኤል መንደር ነው፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ስለ ቀጥቃጮቹ በከተማ የማይወራ ክፉ ወሬ አልነበረም፤ እኔም ወሬውን ሁሉ ከነቅመሙ አምን ነበር። ሰው አላምንም ያልኳችሁ ሰውዬ! የድጓ መምህር ጥቅል ይዞ ቀጥቃጭ ቤት ሲገባ ስታይ ምን ትላለህ? እኔማ የደብሩ ብር ሊቀልጥ ነው ብዬ አጥሩን ተጠግቼ በቀዳዳ አየሁ።

ቀጥቃጩ ሽበት የጀመራቸው፣ ቆፍጣና ሰው ነበሩ። ስማቸው ፈረደ ነው።

«አያ ፈረደ፣ ይኸው ደግሞ ተሰበረ» አሉ መሪጌታ፣ ጥቅሉን እየፈቱ።

«ምነው? ሸጋ አድርጌ ሠርቼው አልነበረም?»

«ሥራውስ ሸጋ ነው። ዳገቱ ነው እንጂ። ዛሬ በጠፍር አስሬው መጣሁ፤ እግሬን ላጠኝ።»

ከጨርቁ የወጣው የተሰነጠቀ ብረት ነው። የበቅሎ እርካብ ይመስላል፤ ደህናው እግር የሚገባበት፣ ፔዳሉን እየረገጡ ብቻ ሳይሆን እየሳቡም እንዲያዞሩት የሚያደርግ። አያ ፈረደ ወናፉን ነፋ ነፋ አድርገው ሲጠግኑት መሪጌታ ደረቁን እግር በእጃቸው እያሹ ይጠብቃሉ። ሱሪያቸው ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበርና እግሩን አየሁት። ቅልጥሙ ተጣሞ የገጠመ ነው፤ ሥጋ የለውም።

ይህን አይቶ የማያፍር ሰው አለ? አዎ፣ እኔ። «ብሩንማ ቀደም ብሎ ሰጥቶት ይሆናል፤ እርካቡ ማሳበቢያ ነው» ብዬ በሆዴ አስላሁ። ለእሑድ የምናገረውን ማሳመር ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ወደ ከተማ ስንመለስ ነው ነገሩ የመጣው። መንገዱ ጠቦ ባንድ ወገን ገደል፣ ባንድ ወገን ቀጥ ያለ አፋፍ የሆነበት ቦታ አለ። እኔ ከአፋፉ ላይ እሾሃም ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኜ ከበላያቸው እከተላለሁ። ከወዲያ ማዶ ልቅሶ ተሰማ። ቄሶቹ መስቀልና ጥላ ይዘው ቀድመዋል፤ አስከሬኑ በቃሬዛ ተከትሏል፤ ከኋላ ሰው ነው። መሪጌታ ፍሬን ያዙ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። የሚታጠፉበት የለም፤ የሚደገፉበት ድንጋይም የለም።

ሰውነታቸውን ወደ ጎን ጣሉት። ከነብስክሌቱ ሲወድቁ ድምፁ እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ። እንደ ምንም እግራቸውን ከእርካቡ አላቀው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አቧራው ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ቄሶቹ እየዘመሩ አለፉ። አስከሬኑ አለፈ። ከኋላ ከነበሩት አንዱ «በጠዋቱ! ጠላ ይሆናላ» ብሎ ሌላው ሲስቅ ሰማሁ። ማንም አልቆመም፤ ቀብር ነውና።

ሰዉ ሲርቅ መሪጌታ ሊነሡ ሞከሩ። ምርኩዞቹ ከብስክሌቱ ሥር ተጠምደዋል፤ አንደኛው ተሰብሯል። ብስክሌቱን አቁመው ሊወጡ ሲሉ ደረቁ እግር አልከፈት አላቸው፣ ወደቁ። ደግመው ሞከሩ፣ ወደቁ። ከዚያ ተዉት። ብስክሌቱን በአንድ እጅ እየጎተቱ፣ በክርናቸው እየዳሁ፣ ከታች መንገዱ ዳር ወዳለው አንድ ድንጋይ መሄድ ጀመሩ።

ክፉ ልቤ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ? «አይቶኛል፤ ለኔ ሲል ነው» አለኝ። እውነቴን ነው! ያን ጊዜም አልለቀቀኝም። ግን ሰውዬው ይዳሁ ነበር። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ያርፋሉ፣ ብስክሌቱን ይስባሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። መድረሻቸውን ሳይ ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ዐረፈ። ድንጋይ ነው የሚፈልጉት። ቤታቸው በር ላይ ድንጋይ። የፈረሰው ቅጽር ጋ ድንጋይ። ሌሎቹ ደጃፎች ጋ ግን ሜዳ ነው።

በቅሎ ላይ ያለ ሰው ደጀ ሰላም ሲደርስ ወርዶ ይሳለማል፣ ተመልሶ ይወጣል። በኛ ደብር ተማሪዎቻቸው ብስክሌቱን ይይዙላቸዋል፤ ሌላ ቦታ ግን እኚህ ሰው ሜዳ ላይ ከወረዱ ብቻቸውን አይወጡም። ሳይወርዱ ደግሞ ማለፍን እንደ ድፍረት ቆጥረውታል። ለዚህ ነው የሚዞሩት! ያን ሁሉ ገደል፣ ያን ሁሉ ውሻ፣ ከታቦቱ ፊት በኮርቻ ላይ ተቀምጠው ላለመታየት ነው። እኔ ደግሞ ይህንኑ ክብር ይዤ ሄጄ ሰይጣን አለበት ብዬ ከስሻቸዋለሁ። አፋፉን በቂጤ ተንሸራትቼ ወረድኩ።

«መሪጌታ!» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። አልደነገጡም።

«መጣህ? እሾሁ አልወጋህም?»

«አይተውኝ ነበር?»

«ከአንገረብ ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ ፈንታ? ‹አትጠርጥረኝ› ብልህ ይብስብህ ነበር።»

እጃቸውን ያዝኩ። መዳፋቸው ተልጦ ጠጠር ገብቶበታል። ሳላስበው እንባዬ መጣ።

«በየደጃፉ ሰው ጠርተው ቢያወጣዎትስ? ማን እምቢ ይላል?»

«ማንም እምቢ አይልም» አሉ። «ግን በየደጃፉ ‹ያዙኝ፣ አንሡኝ› ስል ልዋል? በምርኩዝ ሳለሁ እንዲያ ነበርኩ። እናቴ የምትኖረው እንፍራንዝ ነው፤ ሦስት ዓመት ዓይኗን ሳላይ ቀረሁ። ይህችን ብስክሌት ያገኘሁ ጊዜ ማንንም ሳልለምን ሄጄ አየኋት። እንደገና ወደ ልመና አልመለስም። ብዞር ይሻለኛል።»

ደግፌ ድንጋዩ ላይ አወጣኋቸው። ከተማ እስክንገባ ዳገቱን ከኋላ እየገፋሁ ስሄድ ለአለቃው ምን እንዳልኩ አንድ ባንድ ነገርኳቸው። ወንበራቸውን፣ ቤታቸውን፣ የአጎቴን ነገር ሁሉ። ፔዳሉን ሲመቱ ቆዩና «እሑድ ያየኸውን ተናገር» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ከወይራው ሥር ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ጥፋቴን ሳልደብቅ። ሲያበቃ ሁሉም ዝም ይላል ብዬ ነበር። የት! የጎንደር ካህናት ጉባኤ ተቀምጦ ዝም ይላል? ብስክሌት ምንድን ነው የሚል ክርክር ተነሣ።

«በቅሎ ነው!» አለ አጎቴ። «ኮርቻ አለው፣ መሪ አለው። ተቀምጠህበት ትሄዳለህ። ስለዚህ የተቀመጠ ሰው መውረድ ግዴታው ነው። መውረድ የማይችል ሰው አይቀመጥበት!»

«ምርኩዝ ነው እንጂ!» አሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ። «የሰውዬው እግር ነው። አንተ ደጀ ሰላም ስትደርስ እግርህን አውልቀህ ትገባለህን?»

ሳቅ ሆነ። አጎቴ ግን አልሳቀም። «ነገ ሁሉም እግሬን አመመኝ እያለ በቅሎውን እስከ መቅደሱ ይነዳል» አለ፤ የተስማሙለትም ነበሩ። መሪጌታ አንዲት ምርኩዝ ብቻ ይዘው፣ መዳፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ መሬት መሬት ያያሉ። ሚስታቸው ከሴቶች በኩል ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች። እኔ ያን ቀን እንደጸለይኩ ጸልዬ አላውቅም።

አለቃው እጃቸውን አነሡ።

«በቃ» አሉ። «መሪጌታ በወንበራቸው ይቀጥላሉ። ቤቱም ቤታቸው ነው። ደግሞም ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም ደጃፍ ሲያልፉ እንዳይወርዱ እኔ ፈቅጄላቸዋለሁ። ለሌሎቹም አለቆች አስታውቃለሁ።»

እፎይ አልኩ። ሰዉ ሊነሣ ሲል መሪጌታ በምርኩዛቸው ተነሡ።

«አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ነገር ግን እኔ እንዳልወርድ አልለመንኩም። የከበደኝስ አለመውረዱ ነው። ከፈቀዱልኝ መውረጃ ይስጡኝ።»

ይህን ስሰማ እግሬ ቀድሞኝ ከቅጽሩ ውጪ ነበር። የፈረሰ አጥር ድንጋይ አየሁና ማንከባለል ጀመርኩ። ከባድ ነበር፤ አንድ ሁለት ካህናት መጥተው አገዙኝ። ከደጀ ሰላማችን ቀኝ ተከልነው።

በዚያ ክረምት ሥራዬ ይኸው ሆነ። ከመሪጌታ ቤት እስከ ወለቃ መንገድ ድረስ ባሉት ደጃፎች ሁሉ አለቆቹን እያስፈቀድኩ ድንጋይ ተከልኩ። ከዚያ አያ ፈረደ ዘንድ እየሄድኩ እርካብና የእግር ማሳረፊያ መግጠም ተማርኩ። ስለሳቸው ያመንኩት ወሬ ሁሉ ውሸት እንደነበር የነገርኳቸው ዘግይቼ ነው፤ «እኔማ አውቃለሁ፤ አንተ ነህ ያላወቅኸው» አሉኝ። በኋላ ዘመን እግሩ የተጎዳ ሰው ብስክሌት ይዞ ወደ ቤቴ ሲመጣ እጅጌውን ሳይሆን እግሩን አያለሁ፤ የትኛው ይታጠፋል፣ የትኛው ይገፋል፣ በየትኛው ወገን ይወጣል እላለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ሰው ሲዞርባችሁ ወንጀል ከመፈለጋችሁ በፊት መንገዱን እስቲ እዩለት። እኔ ዛሬም መጠርጠር አልተውኩም፤ ጠባይ አይለቅም። ግን አሁን አስቀድሜ የምጠረጥረው ራሴን ነው።

የመጨረሻው ድንጋይ ከተተከለ በኋላ የነበረውን ዓርብ ልንገራችሁና ላብቃ። መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው መንገድ ሄዱ። ገደል የለ፣ የሰው ማሳ የለ። ቀን ስድስት ሰዓት ለትምህርት ይመለሳሉ ተብሎ ተማሪዎቹ ተቀምጠው ጠበቁ። ስድስት ሆነ፣ የሉም። ሰባት ሆነ፣ የሉም። አለቃው ሳይቀሩ ጨንቋቸው ወጥተው ከኔ ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ መሪጌታ ብቅ አሉ፤ ድንጋያችንን ተጠግተው ቀስ ብለው ወረዱ፣ ተሳለሙ።

«ምነው መሪጌታ፣ በቀጥታው መንገድ መጥተው እንዲህ ይዘገያሉ?» አሏቸው አለቃው።

«ምን ላድርግ አባቴ» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸው በአቧራና በሳቅ ተሞልቶ፣ «ስንት ዓመት ያላየኋቸው ደጃፎች ናቸው። ሁሉም ጋ ወረድኩ።»